ለመስክ መኪና የእጅ ባትሪ ሲገዙ ዋጋውን ወይስ ወጪውን ያያሉ?

የእጅ ባትሪ በነጋዴው የወጪ መዝገብ ላይ ስሙ የማይነሳ ዕቃ ነው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የሾፌሩ አበልና የጭነቱ ዋስትና በሚገባ ተሰልተው ሲያበቁ የእጅ ባትሪው ግን በችኮላ ይገዛና ጋቢና ውስጥ ይጣላል። ይሁን እንጂ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሌሊት ጎማ የፈነዳበት ወይም ጭቃ የያዘው ሰው በዚያች ሰዓት የሚተማመነው በዚችው ትንሽ ዕቃ ነው። ጭነቱ ሰሊጥም ሆነ ቡና፣ ብርሃን ከሌለ ክሪኩ በትክክል አይቀመጥም፤ የወደቀ ቡሎን አይገኝም፤ ከኋላ የሚመጣ መኪናም የቆመውን ቶሎ አያይም። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት መቶ ብር ብቻ ሳይሆን የመኪና፣ የጭነትና የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን በባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ውስጥ በቋሚነት ተሰቅሎ ለዓመታት የሚያገለግል የእጅ ባትሪ እንዴት እንደሚመረጥና ተጨማሪው ዋጋ የሚያዋጣው ለማን እንደሆነ እንመለከታለን።

ገበያው ለምን ያሳስታል?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ቁም ነገር አስረድቷል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ይሆናል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

የእጅ ባትሪ ገበያም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሁሉም ጥቁር ነው፤ ሁሉም ያበራል፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ሁሉም ጋ ትልቅ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ከገንዘቡ ክፍያ በኋላ፣ ያውም መኪናው በተበላሸበት ሌሊት ነው። መድኃኒቱ ገዢው ራሱ ቁጥሩን ማንበብና መመርመር መቻሉ ነው።

ሳጥኑ ላይ የሚነበበው

እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ «ኤፍ ኤል 1» የተባለ የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ ወጥቷል፤ በኋላም ተሻሽሏል። ይህን ደረጃ የተከተለ አምራች የሚከተሉትን በአንድ ዓይነት አለካክ ይገልጻል።

1ኛ/ ሉመን፡- ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። የሚለካው መብራቱ ከበራ ከ30 ሴኮንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብዙ ኃይለኛ ባትሪዎች ከመጋል ለመዳን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብርሃናቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይመለከትም።

2ኛ/ የሚቆይበት ጊዜ፡- ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው። «1000 ሉመን፣ 6 ሰዓት» ሲባል በስድስተኛው ሰዓት የሚቀረው 100 ሉመን ነው ማለት ነው።

3ኛ/ የሚደርስበት ርቀት፡- ብርሃኑ 0.25 ሉክስ የሚሆንበት ቦታ ሲሆን ይህም በጠራ ሌሊት ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ርቀቱ እጥፍ እንዲሆን የጨረሩ ጥንካሬ አራት እጥፍ መሆን አለበት። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ሲደርስ፣ 400 ሜትር ለመድረስ 40,000 ካንዴላ ያስፈልጋል።

4ኛ/ የመውደቅና የውኃ መቋቋም፡- የመውደቁ ሙከራ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚደረግ ሲሆን ከፍታው በሜትር ይጻፋል። «አይ ፒ ኤክስ 4» የውኃ ፍንጣቂን፣ «አይ ፒ ኤክስ 7» ደግሞ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል። በክረምት ወንዝ ለሚያቋርጥ መኪና 7 ያስፈልጋል። በኤክስ ፋንታ 6 ቁጥር ካለ አቧራም አያስገባም ማለት ነው።

በብዕርና በወረቀት የሚደረግ ፍተሻ

ደረጃውን ያልተከተለ ሳጥን ሲያጋጥም ተራ ሒሳብ በቂ ነው። በዛሬው ጊዜ ጥሩ የኤል ኢ ዲ እጅ ባትሪ ከአንድ ዋት ኃይል በግምት 100 ሉመን ይሰጣል። እንግዲህ 1000 ሉመን ወደ 10 ዋት ይፈልጋል። በስፋት የሚሸጠው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ባለ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ተሞይ የሊቲየም ድንጋይ፣ ማለትም «18650»፣ ጥሩው 3.6 ቮልትና 3 አምፒር ሰዓት ገደማ ሲሆን ሁለቱ ሲባዙ 11 ዋት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ያለው ባትሪ 1000 ሉመንን ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው። «100,000 ሉመን» የሚል ጽሑፍ ያለበት የኪስ ባትሪ ግን ከ1000 ዋት በላይ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምድጃ ያህል ኃይል ሊስብ ነው። ይህ እንደማይሆን ነጋዴውም ገዢውም በቀላሉ ይረዳዋል።

ድንጋዩም እንዲሁ ይመረመራል። በዚህ መጠን ያለ እውነተኛ ድንጋይ ከ4000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚዘልል አይደለም፤ «9900» የሚል ካዩ ሐሰት ነው። ሚዛን ያለው ነጋዴም ይመዝነው፤ ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በጣም ከቀለለ ውስጡ የሚታማ ነው።

የትኛው ድንጋይ?

ለመኪና የሚሆን ባትሪ ከቤቱ የሚለየው ለወራት ሳይነካ ተቀምጦ በአንድ ሌሊት የሚፈለግ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አገራችን የአየር ንብረቷ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ምዝገባ የአፋሩ ዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የተገኘ ሲሆን፣ ከ4000 ሜትር በላይ ባለው የባሌው ሳነቴ አምባ ደግሞ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ክሩስኮት ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ተራው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ ርካሽ ነው። ይሁንና ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ስለሆነ ኃይል ሲሰጥ እየተበላ ይሄዳል፤ ከዚያም ያፈሳል። አልካላይኑ የተሻለ አቅም ቢኖረውም አልቆ ሲቆይ ወይም አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ፈሳሹ ወጥቶ የባትሪውን ውስጥ ይበላል። የማይሞላው ባለ 1.5 ቮልት ሊቲየም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል፤ ሳይነካ ለብዙ ዓመታትም ይቆያል። ተሞዩ ሊቲየም ኃይለኛ ቢሆንም ሙቀት ቶሎ ያስረጀዋል፤ የገጠር ሱቅ ውስጥ ይገኛል ብሎ መተማመንም አያስኬድም።

ከዚህ በመነሳት ለመኪናው ዋና ባትሪ በየትንሹ ከተማ ኪዮስክ የሚገኘውን ትንሹን ወይም ትልቁን ተራ ድንጋይ የሚቀበል መምረጥ፣ ውስጡ ግን የማይሞላውን ሊቲየም ወይም ጥሩ አልካላይን ማኖር ይሻላል። ተሞይ የሚመርጥ ሰው ቻርጀሩ የመኪናውን ቮልት የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጥ። ብዙ የጭነት መኪናዎች ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራው ይቃጠላል። አልካላይን የሚጠቀም ደግሞ ድንጋዩን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቦሎ በሚታደስበት ሰሞን፣ ቢቀይር አይረሳውም።

አካሉና ማብሪያው

እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያ የወጣው ማግላይት ወፍራም የአሉሚኒየም አካሉ ለረጅም ጊዜ የጥንካሬ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። የድሮዎቹ ደካማ ጎን አምፖላቸው ነበር። የጋለ ቀጭን ሽቦ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ይበጠሳል። ኤል ኢ ዲ ሽቦ ስለሌለው ይህን ችግር አስወግዷል። ነጩን ብርሃን ያስቻለው ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ለሦስት ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ዛሬ በንዝረት የሚበላሸው በአብዛኛው የድንጋዩ መገናኛ ነው። በመሆኑም በሁለቱም ጫፍ ጠንካራ ሞላ ያለውን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ አብርተው በእጅዎ መዳፍ ላይ ደጋግመው ይምቱት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ይመልሱት። ማብሪያው ጓንት ባጠለቀ ወይም ጭቃ በነካው እጅ የሚሠራ ይሁን። አንዳንድ ለስላሳ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች ባትሪው ጠፍቶም ጥቂት ኃይል ይስባሉ። ጥርሱ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ማላላት መስመሩን ስለሚቆርጥ ፍሳሹ ይቆማል፤ ይህንንም ሱቅ ውስጥ መሞከር ይቻላል።

አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ ለሚለው መልሱ እንደ ሥራው ነው። ኮፈን ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች ብረት ነክ ባትሪ በመኪናው ባትሪ ሁለት ዋልታዎች ላይ ቢወድቅ ኤሌክትሪኩን ሊያገናኝ እንደሚችል ልብ ይበሉ። ጥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ ይህ ስጋት የለበትም፤ በብርድም እጅ አያቀዘቅዝም። ጎማ ለመቀየር ደግሞ ሁለት እጅ ነፃ ስለሚያስፈልግ ርካሽም ቢሆን ግንባር ላይ የሚታሰር ሁለተኛ መብራት መያዝ ይጠቅማል።

የት ይሰቀል?

ትልቅ ድንጋይ የሚጎርስ ባለ ብረት ባትሪ ከነድንጋዩ 850 ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ ያልታሰረው ባትሪ በያዘው ፍጥነት ወደፊት ይወረወራል። ይህም ከ14 ሜትር፣ ማለትም ከአራተኛ ፎቅ አካባቢ፣ የወደቀ ያህል ነው። ስለዚህ በመቀመጫ ላይ ወይም በክሩስኮት ላይ መጣል አይገባም።

ተገቢው ቦታ ሾፌሩ ቀበቶውን ሳይፈታ የሚደርስበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ የአየር ከረጢት የማይወጣበት ነው። የሾፌሩ መቀመጫ ብረት ጎን ወይም በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ያለው ሳጥን ጎን ይስማማል። መያዣው በማጣበቂያ ሳይሆን በቡሎንና በዳዶ ይታሰር፤ ላሜራው ከመበሳቱ በፊት ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የነዳጅ ቱቦ አለመኖሩ ይታይ። ጭንቅላቱ ወደ ታች ቢሆን መስታወቱ ከአቧራ ይድናል።

ተጨማሪው ዋጋ የሚያዋጣው ለማን ነው?

ለስሌት እንዲመች የሚከተለውን እንበል። ርካሹ 600 ብር ሆኖ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ጥሩው 6000 ብር ሆኖ አሥር ዓመት ይቆያል። ለሁለቱም በዓመት 400 ብር የድንጋይ ወጪ አለ። በጥሩው ላይ የዋለው ገንዘብ ሌላ ቦታ 10 በመቶ ያስገኝ ስለነበር በዓመት እስከ 600 ብር ይታሰብበት። ያለ አደጋ ሲታይ ርካሹ በዓመት 1000 ብር፣ ጥሩው 1600 ብር ያስወጣል። እስከዚህ ድረስ ርካሹ ያሸንፋል።

አሁን ስጋቱን እንጨምር። ባትሪው በዓመት አንድ ጊዜ በእርግጥ ይፈለጋል እንበል፤ ርካሹ ከአሥር አንድ ጊዜ፣ ጥሩው ከመቶ አንድ ጊዜ ያሳፍራል። መኪናው በመቆሙ የሚደርሰው ኪሳራ 15,000 ብር ከሆነ የርካሹ ጠቅላላ ወጪ 2500፣ የጥሩው 1750 ብር ይሆናል። ኪሳራው 1000 ብር ብቻ ከሆነ ግን ርካሹ 1100፣ ጥሩው 1610 ነው። ሁለቱ የሚተካከሉት ኪሳራው 6,700 ብር ገደማ ሲሆን ነው።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። መኪናው ከከተማ አስፋልት ለማይወርድ ሰው ውዱን ባትሪ መግዛት ብክነት ነው። የአንድ ሌሊት መቆም ከዚያ በላይ ለሚያስወጣው፣ በተለይም ጭነቱ የሚበላሽ ወይም ርክክቡ በቀን ገደብ የታሰረ ለሆነ ነጋዴ ግን ርካሹ ውድ ነው። ዋጋው ሲለወጥ ገዢው የራሱን አኃዝ በቦታው እየተካ ሊያሰላው ይችላል። የሾፌሩና የረዳቱ ደህንነት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ ቢገባ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል መናገር አያስፈልግም።

ለሻጩም የሚሆን ትምህርት አለ። ገዢው በማያምነው ገበያ ውስጥ ጥሩ ዕቃ ያለው ነጋዴ በጽሑፍ ዋስትና በመስጠት ራሱን ከሌላው መለየት ይችላል፤ ብልሹ ዕቃ የያዘ ሰው የአንድ ዓመት ዋስትና መስጠት አይደፍርምና። ሱቁ ውስጥ በውኃ የተሞላ ባልዲ አስቀምጦ «አይ ፒ ኤክስ 7» የሚለውን ባትሪ ውኃ ውስጥ ከትቶ እያበራ የሚያሳይ ነጋዴ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይታመናል። ገዢውም ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኘ ማለት ነው።