ወዳጅ በሌለበት ስለ ወዳጅ መናገር

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 20 በተጻፈው ታሪክ አንድ ባዶ ስፍራ እናገኛለን። የወር መባቻ በዓል ነው፤ ንጉሡ ሳኦል በማዕድ ተቀምጧል፤ አበኔርም በአጠገቡ አለ፤ የዳዊት ስፍራ ግን ባዶ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳኦል ንጽሕና ጐድሎት ይሆናል ብሎ ዝም አለ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ልጁን ዮናታንን ጠየቀው። ዮናታንም ዳዊት ለዘመዶቹ መሥዋዕት ወደ ቤተ ልሔም ለመሄድ እንዳስፈቀደው መለሰለት። (ይህ ምክንያት አስቀድመው የተመካከሩበት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሣበታል፤ የዛሬው ነገራችን ግን እርሱ አይደለም።)

ሳኦልም ተቈጣ፤ እናቱን አንሥቶ ሰደበው፤ የእሴይ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ መንግሥቱ እንደማይጸናለትም ነገረው። ነገሩ ሐሰት አልነበረም። ዮናታን የንጉሥ ልጅ ነውና ዝም ቢል የሚያተርፈው ዙፋን ነው። እርሱ ግን ዳዊት ምን በደል ሠርቶ እንደሚሞት ጠየቀ። ስለዚህ ጥያቄ የአባቱ ጦር ተወረወረበት፤ በዚያም ቀን እህል ሳይቀምስ ከማዕድ ተነሣ።

ዮናታን ቀድሞ ልብሱንና ሰይፉን፥ ቀስቱንና መታጠቂያውን ለዳዊት በሰጠው ጊዜ ዳዊት አይቷል፤ ተቀብሏልም። ይህን የማዕዱን ነገር ግን በሜዳ ተሸሽጎ ነበርና አላየም።

እኛ በቅኔ ቤት ሳለን አንድ ባልንጀራችን ለቀፈፋ በወጣበት ቀን የሌላ ተማሪ መጽሐፍ ጠፋ ተባለ፤ ነገሩም በእርሱ ላይ ተጣለ። በአንድ ጎጆ አብረን አድረን ነበርና እንዳልወሰደ እናውቅ ነበር። ነገር ግን ከሳሹ በዕድሜም በትምህርትም የበላያችን ስለ ነበረ ፈርተን ዝም አልን። ባልንጀራችን ሲመለስ የሁላችንን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው፤ በማግሥቱም ደበሎውን ለብሶ ሄደ። መጽሐፉ ኋላ ከሣር ክዳኑ ሥር ተገኘ፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እኛን ከሳሽ ብሎ የሚጠራን የለም፤ ዝም ብቻ ብለናልና።

ዳዊትም ከነገሠ በኋላ በዚሁ ፈተና ተፈትኗል። ስለ ዮናታን ሲል ልጁን ሜምፊቦስቴን፥ ሁለት እግሩ ሽባ የሆነውን፥ ከሎዶባር አስመጥቶ የሳኦልን ርስት መለሰለት፤ ከማዕዱም እንዲበላ አደረገው። ኋላ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ ግን የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ 200 እንጀራና 100 የዘቢብ ዘለላ በአህዮች ጭኖ መጣ፤ ጌታው መንግሥት ይመለስልኛል ብሎ በኢየሩሳሌም ቀርቷል ሲልም ተናገረ። ንጉሡ ተርቦና ተሰድዶ ሳለ የቀረበ ስጦታ ነው፤ ወሬውም ከስጦታው ጋር ገባ። ባለጉዳዩ ሳይጠየቅ ርስቱ ሁሉ ለሲባ ተሰጠ። ይህን የምንለው ነቢዩን ለመንቀፍ አይደለም፤ መጽሐፍ ራሱ አልሸሸገውምና።

ንጉሡ በተመለሰ ጊዜ ሜምፊቦስቴ ሊቀበለው ወረደ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልታጠበም፤ ጢሙን አልተከረከመም፤ ልብሱንም አላጠበም ነበር። አህያ ጭኖ ሊከተለው ሲል አገልጋዩ እንዳታለለው ነገረው። ዳዊትም ነገሩን ማስረዘም አልወደደም፤ ርስቱን ከሲባ ጋር እኩል እንዲካፈሉ አዘዘ። የዮናታን ልጅ ግን ስለ እኩሌታው አልተከራከረም፤ ንጉሡ በደኅና ወደ ቤቱ ከተመለሰ ሲባ ሁሉንም ይውሰደው አለ።