ስለ ትንሣኤ የሚሰበክ ስብከት አዘገጃጀት

ስብከት ከንግግር ዓይነቶች አንዱ ነው። ሰባኪው የሚነሣው ከተነበበ ምንባብ ስለ ሆነ፣ ጥሩ ሰባኪ ለመሆን አስቀድሞ ጥሩ አንባቢ መሆን ያስፈልጋል። በዚህ ትምህርት ከብዙ ምንባብ አንድ ዋና ሐሳብ አውጥታችሁ ንግግር ማዋቀርን ትማራላችሁ።

በጋይንት የምትገኘውን ቤተ ልሔምን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓን በየአገሩ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ተፈትነው የሚያስመሰክሩት በዚያ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው የሚነገርለት ይህ መጽሐፍ በየወቅቱ የተከፋፈለ ሲሆን፣ አንደኛው ክፍል የፋሲካ ነው። በእንዲህ ያለ ደብር በትንሣኤ ሰሞን የሚሰብክ ሰው፣ ንባቡንና ዜማውን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሊቃውንትና ፊደል ባልቈጠሩ ገበሬዎች ፊት ይቆማል። በዚያው ሰሞን ልጇን የቀበረች እናትም በመካከላቸው ልትኖር ትችላለች። ስብከቱ ለሁሉም መድረስ አለበት።

ሀ. ምንባቡን ማጥናት

በቅዳሴ ጊዜ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፤ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባክ ይሰበካል፤ ከዚያም ወንጌል ይነበባል። የየዕለቱን ምንባብ የሚያመለክተው መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል። ሰባኪው ሁሉንም ካነበበ በኋላ፣ ምንባቦቹ በአንድነት ምን እንደሚሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህን ማድረግ ካቃተው ሐሳቡ ገና አልበሰለም።

ለ. ሐሳቡን በቅደም ተከተል ማዋቀር

ለዚህ ሉቃስ ምዕራፍ 24 ጥሩ አርአያ ይሆነናል። ሁለት ሐዘንተኞች ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ፣ ከሙታን የተነሣው ኢየሱስ ሳያውቁት አብሯቸው ይጓዛል። ወዲያው አላስተማራቸውም፤ አስቀድሞ የሚነጋገሩበትን ነገር ጠየቃቸው፤ ነግረው እስኪጨርሱም አዳመጣቸው። ቀጥሎ ከሙሴና ከነቢያት መጻሕፍት ተረጐመላቸው። በመጨረሻም በማዕድ እንጀራ ሲቈርስ ዐወቁት፤ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። እንግዲህ መግቢያው የአድማጩን ኑሮ፣ ሐተታው የመጽሐፉን ቃል፣ መደምደሚያው አድማጩ የሚፈጽመውን ተግባር ይይዛል ማለት ነው።

ሐ. አነጋገርን መምረጥ

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት መግቢያዎች አነጻጽሩ።

1. ክርስቶስ ተነሥቷልና ለሞቱባችሁ ሰዎች አታልቅሱ።
2. በዚህ ሰሞን ወገናችንን የቀበርን አለን፤ የትንሣኤውን ዜና የምንሰማው የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ ነው።

የመጀመሪያው በሁለተኛ መደብ የተነገረ ትእዛዝ ስለ ሆነ ተናጋሪውን ከሐዘንተኛው ይለየዋል። ከምንባቡም ጋር አይስማማም፤ በዮሐንስ ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፣ ኢየሱስ ራሱ አልዓዛርን ከማስነሣቱ በፊት አልቅሷልና። ሁለተኛው ግን በአንደኛ መደብ ብዙ ቍጥር ስለ ተነገረ ሰባኪውን ከሐዘንተኛው ጎን ያቆመዋል፤ ተስፋውም ከዚያ በኋላ ሲነገር ይሰማል።

ልብ በሉ፦ ሐዘንን ማክበር ማስረጃን መተው አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ሙታን የማይነሡ ከሆነ ምን እንደሚከተል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሐተታችሁም እንዲሁ አንዱ ሐሳብ ሌላውን የሚደግፍበት ይሁን።

መልመጃ

1. ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን ከቍጥር 1 እስከ 18 አንብባችሁ ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. «እናንተ ተስፋ አትቍረጡ» የሚለውን ወደ አንደኛ መደብ ብዙ ቍጥር ለውጡ፤ የስሜቱንም ልዩነት አስረዱ።
3. ሐዘን ለደረሰበት ጎረቤት የሚነገር ባለ ሦስት አንቀጽ ንግግር አዘጋጁ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ተማሪ ከራሱ እምነት ምንባብ መነሣት ይችላል።