ጥለታችን በባሕር ማዶ ሲታተም፤ ትርፉና ጉዳቱ

ዕቃን በሌላ አገር ፋብሪካ አሠርቶ ማስገባት በንግድ ዘንድ ነውር አይደለም፤ በርካሽ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ የነጋዴ ሞያ ነውና። ዳሩ ግን በመዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ የሚታየው ገንዘብ፣ ነጋዴው ሳያስበው በሌላ በር ሊወጣ ይችላል። ለዚህም የሐበሻ ልብስ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ባለፉት ዓመታት አንዳንድ አስመጪዎች የሸማኔን ጥለት ለናሙና ወደ ቻይና እየላኩ፣ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አሳትመው ማስገባት ይዘዋል። ልብሱ ከሩቅ ሲያዩት የሽሮ ሜዳን ሥራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ነው።

ነገሩን ወደ ሰቆጣ አምጥተን በሒሳብ እንመርምረው። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው ሲደራባት የኖረች የዋግ ገበያ ናት። በዚህች ከተማ አንድ ባለሱቅ በወር 10 የእጅ ሥራ ነጠላ ሸጦ፣ ከእያንዳንዱ 200 ብር፣ በድምሩ 2,000 ብር ያተርፋል እንበል። በዚህ ፈንታ 20 የታተመ ነጠላ ሸጦ ከእያንዳንዱ 300 ብር ቢያገኝ፣ ትርፉ 6,000 ብር ይሆናል። በመዝገቡም የ4,000 ብር ብልጫ ይታያል።

ነገር ግን ከእያንዳንዱ የእጅ ሥራ ነጠላ 900 ብር ለፈታይዋና ለሸማኔው ይደርስ ከነበረ፣ ከአካባቢው በወር 9,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ይህም ገንዘብ ተመልሶ ጨው፣ ሳሙና፣ ቡናና የልጆች ደብተር ይገዛበት የነበረ ነው። ፈታይዋ የባለሱቁም ደንበኛ ናትና፣ እንዝርቷ ሲቆም የእርሱም ገበያ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው ጉዳት በአስመጪው ላይ ይደርሳል። ናሙናውን የተቀበለው ፋብሪካ ያንኑ ጥለት ለተወዳዳሪው ከማተም የሚከለክለው ነገር እምብዛም የለም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዲስ የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሆኖም ከአያት የተወረሰ ጥለት አዲስ አይባልም፤ በአገር ውስጥ የተመዘገበ ንድፍም በባሕር ማዶ በራሱ አይጸናም።

ላኪውም ከጉዳቱ አያመልጥም። በዋሽንግተን የሚኖር ወገናችን የታተመውን በእጅ ሥራ ዋጋ ገዝቶ አንድ ጊዜ ከተታለለ፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛውንም ይጠራጠራል።

ስለዚህ አስመጪ ናሙናውን ከመስጠቱ በፊት፣ ጥለቱ ለሌላ እንዳይታተም ከፋብሪካው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል፤ ባለሱቅ «የእጅ ሥራ»ውን ከ«ታተመ»ው ለይቶ ምልክት ያድርግበት፤ ላኪም ልብሱ የተሸመነበትን አገር፣ ድሩ የፋብሪካ ክር ወይም ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን በዕቃው ላይ ይግለጽ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የሸማኔያችንን ዋጋ የምናውቀው ሸማኔው ከመቀመጫው ከተነሣ በኋላ እንዳይሆን ያስፈልጋል።