በግጦሽ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎችን ስለ መጠበቅ

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 3 የሚኖር ሰው ወፍ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው በየጣራው የሚጮኸው ቁራ ነው። ይህ ቁራ ከእስያ የመጣና የሌሎችን ወፎች እንቍላልና ጫጩት የሚበላ ስለሆነ፣ ጠባቂ የሚያሻው አይደለም። ጠባቂ የሚያሻው ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በጎዳ ተራራ በዳይ የጥድ ደን የሚኖረው የጅቡቲ ቆቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ለሳይንስ የታወቀው ይህ ቆቅ ከጎዳና ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኝም። ጥዱ እየደረቀ፣ ማገዶው እየተቈረጠ፣ ሥር ሥሩን ላም፣ ፍየልና ግመል እየጋጡት ስለ ሄዱ መሸሸጊያ አጥቶ ሊጠፋ ተቃርቧል።

ለአርብቶ አደሩ «ከብትህን አታሰማራ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ከብቱ ግን በትእዛዝ አይጠግብም። ይህን ችግር እንዴት ማቃለል እንደሚቻል ያሳዩን የበርጋ ገበሬዎች ናቸው።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከአዲስ ዓለም አጠገብ የሚገኝ ረግረጋማ ሜዳ ነው። በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል፣ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ በክረምት በዚያ ትራባለች። በደቡብ አፍሪካም መራባቷ እ.ኤ.አ. በ2018 በካሜራ ተረጋግጧል፤ ሆኖም በዓለም ያሉት አዋቂዎቹ ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ጎጆዋን የምትሠራው ውሃ በተኛበት ረዥም ሣር ውስጥ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ጊዜ ነው። እርሻው ሁሉ ተዘርቶ ስለሚዘጋ ከብቱ የሚሰማራበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ሜዳው ይነዳል። አንድ መንጋ በአንድ ቀን ጎጆውን ሊረግጠው፣ መሸሸጊያውንም ሣር ሊጨርሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪዎቹ ጋር መክሮ፣ ገበሬዎቹ በፈቃዳቸው የጠባቂዎች ቡድን አቋቋሙ። ወፏ እስክትፈለፍልና ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ከብት ወደ ሜዳው እንዳይገባ ተስማሙ። ከደቡብ አፍሪካ የወፍ ወዳጆች በተገኘ ርዳታም በአካባቢው ትምህርት ቤት ተሠራ።

«ወፏ ለኔ ምኔ ናት?» የሚል ገበሬ ይኖራል፤ ጥያቄውም ነውር የለበትም። ክረምቱን ተከልሎ የከረመ ሜዳ ሣሩ ስለሚያድግ፣ ውሃው ሲጎድል ታጭዶ ለበጋ ድርቆሽ ይሆናል። ጥቅሙ ግን የሚገኘው በመከር ነው፤ ችግሩ የሚደርሰው በሐምሌ ነው። በዚህ መካከል ብዙ ከብት ያለውና አንዲት ላም ብቻ ያለችው ጎረቤቱ እኩል አይጎዱም።

ጠባቂ የሆነ ሰው ከሜዳው ዳር ሆኖ ይመልከት እንጂ ሣሩን እየገለጠ ጎጆ አይፈልግ፤ የሰው ዱካ ለአዳኝ አውሬ መንገድ ይሆናልና። ወፍ ሲያይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስፍራውንና ቍጥሩን ይጻፍ። ምንም ያላየበትንም ቀን መጻፍ አለበት፤ ብዙዎች ይህን ይዘነጉታል፤ ያለዚያ ግን ወፏ መቼ መጥታ መቼ እንደ ሄደች አይታወቅም። የወረዳው ሹማምንትም ምክሩን በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ይኸውም የማን ከብት በየት እንደሚሰማራ፣ ድርቆሹም ለማን ስንት ሸክም እንደሚደርስ አስቀድሞ ተቈጥሮ እንዲታወቅ ነው።