እንዶድ ለአበባ ጣሳ ይሆናልን?

ክረምቱ ሲበረታ በዲማም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በየደጁ በጣሳና በሸክላ የተተከሉ አበቦች ለጋ ቅጠል ያወጣሉ። ሆኖም ማታ ለምልሞ የታየው ቅጠል ጠዋት ተበሳስቶ ይገኛል፤ በጣሳው ከንፈር ላይም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ ይታያል። ይህ ቀንድ አውጣ፣ ወይም ዛጎል የሌለው የቅርብ ዘመዱ ሌሊት የሄደበት መንገድ ነው። እንዶድ በሚበቅልበት አገር የምንኖር በመሆናችን ወዲያው የሚመጣልን አሳብ አለ፤ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣ ይገድል የለምን? ታዲያ ወቅጠን በጣሳው ላይ ብናፈስሰውስ?

አሳቡ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው ተመለከቱ። ከዚህ በመነሣት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በኋላም እንዶድ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧዎችን በሚደፍን ዛጎላም እንስሳ ላይ ተሞክሯል። (በነገራችን ላይ በአበባችን ላይ የምናገኘው የየብስ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን አያስተላልፍም፤ አስተላላፊዎቹ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ናቸው።)

እንዶድ የሚገድለው ሳፖኒን በተባለው ንጥረ ነገር አማካይነት ነው። አረፋ የሚያወጣውም ይኸው ነው። ሳፖኒን በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣምሮ ሽፋኑን ያፈርሳል። ነገር ግን በአድዋም ሆነ በአሜሪካ እንስሳው የሚኖረው ውኃ ውስጥ ስለሆነ መድኃኒቱ ዘወትር ይነካዋል። የየብሱ ቀንድ አውጣ ግን ቀን በጣሳው ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ገላውንም ልጋግ ይሸፍነዋል። ያፈሰስነውን እንዶድ የሐምሌ ዝናብ ያጥበዋል፤ ሳፖኒኑም ፈጥኖ ይበሰብሳል። ታጥቦ ወደ ጅረት ከገባ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ በወንዝ የሠራው በጣሳም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

መፍትሔውን ከእንስሳው ጠባይ እንፈልግ። ቀንድ አውጣ ገላው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በሄደ ቁጥርም ልጋግ ስለሚያፈስስ ድርቀት ጠላቱ ነው። ማታ ውኃ የጠጣ ጣሳ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ መንገድ ያዘጋጅለታል፤ ስለሆነም አበባን ጠዋት ማጠጣት ይገባል። ጣሳውን ከመሬት አንሥቶ በድንጋይ ወይም በመደብ ላይ ማኖር፣ ሥሩንም በየጊዜው መፈተሽ ይጠቅማል፤ እንደ ዕንቁ ነጫጭ ሆነው የተከማቹት እንቁላሎች የሚገኙት በዚያ ነው። ከመሸ በኋላ በባትሪ እየፈለጉ መልቀም አድካሚ ነው፤ እኛ ግን ከሁሉ አስተማማኝ ሆኖ ያገኘነው እርሱን ነው። የእርሾ ሽታ ስለሚስበው ቢራ የተቀዳበት ጽዋ በአፈር ውስጥ ሲቀበር ገብቶ ይሰምጣል፤ የጠላ አተላም እርሾ ስላለው ቢሞከር መልካም ነው።

አመድ መነስነስ በየቤቱ የታወቀ ዘዴ ነው። ደረቅ አመድ ልጋጉን ስለሚመጥጥ ያግደዋል፤ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት የእንቁላል ቅርፊትና የመዳብ ጥብጣብን ጨምሮ አምስት ዓይነት መከላከያዎች የጉዳቱን መጠን እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ጨው ቀንድ አውጣውን ቢገድልም አፈሩን ያበላሻልና በጣሳ ውስጥ አይጨመር። ሜታልዴሃይድ የተባለው መርዝ ደግሞ ውሻንና ወፍን ስለሚጎዳ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይሠራበት ተከልክሏል።

የሳይንስ ክበብ ያላቸው ተማሪዎች ነገሩን ራሳቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። አንድ ዓይነት ችግኝ የተተከለባቸው ዘጠኝ ጣሳዎች ይዘጋጁ፤ ሦስቱ አመድ ይነስነስባቸው፣ ሦስቱ በድንጋይ ላይ ይቀመጡ፣ ሦስቱ እንዲሁ ይተዉ። የየጣሳው ቦታ በዕጣ ይወሰን። ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ የተበሉት ቅጠሎች ይቆጠሩ፤ ሌሊቱ ዝናባማ እንደ ነበረም አብሮ ይመዝገብ።