ጥርኝ ውኃ፦ ርኅራኄና እምነት በበላዔ ሰብእ ታሪክ

መግቢያ

ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ ተመለሰ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በቤተ ክርስቲያን በሥርዓት የሚነበብ መጽሐፍ እንደ ሆነ ይታወቃል። በዚሁ የተአምር ሥነ ጽሑፍ ውስጥ በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀው፣ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚተረከው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ አማላጅነት ለማስተማር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ በላይ ለድውዩ ውኃ የሰጠው ለሰውየው ራርቶ ነው ወይስ ስሙን አክብሮ?

ትንተና

የቅምር ሰው የሆነው በላይ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። በመንገድ ያገኘው ሰው ሰውነቱ በቁስል የተመታ፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድውይ ነው። ሁለቱም ከሰው ማኅበር ውጭ ናቸው፤ አንዱን ግብሩ፣ ሌላውን ደዌው አስወጥቶታል። በላይ ድውዩን ያልበላው ስለ ተጸየፈው ነው። እንግዲህ የድውዩን ሕይወት በመጀመሪያ ያተረፈው ርኅራኄ ሳይሆን መናቁ ነው።

ድውዩ ስለ እግዚአብሔር፣ ቀጥሎም ስለ ቅዱሳን ብሎ ሲለምን በላይ እምቢ ይላል። ስለ ማርያም ሲለው ግን በልጅነቱ የሰማው ትዝ ይለዋል። የልቡ መለወጥ የሚጀምረው ቁስሉን በማየት ሳይሆን ስሙን በመስማት ነው። ከዚህ ብቻ ከተነሣን እምነት ርኅራኄን ተክቶታል ማለት ይቻላል። የሚዛኑ ትዕይንት ግን ይህን ንባብ ያርመዋል። በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን የተቀመጠው ጥርኝ ውኃ ነው፤ ስሙን መስማቱ ብቻውን በሚዛን ላይ አልወጣም። የእመቤታችን ጥላ ሚዛኑን እንዲደፋ ያደረገውም ውኃውን ነው። ስለዚህ በታሪኩ እምነት የርኅራኄ መነሻ፣ ርኅራኄ ደግሞ የእምነት ማስረጃ ነው።

ይህ ዝምድና ከመጽሐፉ ውጭም ይታያል። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲጠና የሚናገረው የድውዩን ቃል ነው። በደቡብ ወሎም መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ተቀምጦ በስሟ የሚለምን ነዳይ አይታጣም። ከደሴ እስከ ቢስቲማ ባለው፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው በሚኖሩበት አገር «ስለ አላህ» የሚለው ልመናም በአሠራሩ ከዚህ አይለይም። ለማኙ የሚያቀርበው ችግሩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪው ሊንቀው የማይችለውን ስም በራሱና በሰጪው መካከል ያቆማል። የተናቀ ሰው ፊቱ ያላስገኘለትን ክብር ስሙ ያስገኝለታል።

መደምደሚያ

ታሪኩ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በላይ ንስሓ ገብቶ ይሞታል፤ ነፍሱም ትድናለች። ድውዩ ግን ስሙ ሳይነገር፣ ደዌው ሳይፈወስ ከትረካው ይወጣል። የሰጪው መዳን ሲተረክ የተቀባዩ ዕጣ ይረሳል። ታሪኩ እስካሁን በብዛት የተነበበው ከበላይ ወገን ነው፤ ከድውዩ ወገን ማንበብ ግን ምጽዋት ለሰጪው ከሚያስገኘው ዋጋ ባሻገር ለተቀባዩ ምን ያህል ሰውነቱን እንደሚመልስለት ለመጠየቅ ያስችላል። ተአምሩ ለጥርኝ ውኃ ይህን ያህል ክብደት ከሰጠ፣ ውኃውን የጠጣውም ሰው ክብደት ሊሰጠው ይገባል።