ፈሳሹ ተራ አይጠብቅም

ከሥላሴ ካቴድራል ተነሥቶ በአራት ኪሎና በፒያሳ በኩል ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። መንገዱ አጭር ነው። ለአንጎል ቀዶ ሕክምና ከሩቅ ለሚላክ ሕመምተኛ ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ያለው ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል። መጠበቁ ምን ያስከትላል? ወረፋውስ ለምን ይረዝማል? ሁለቱን ጥያቄዎች በፊዚክስና በቀላል ሒሳብ እንመልከታቸው።

የግፊቱ ጉዳይ

በአንጎላችን ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ጥርት ያለ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ይመነጫል። በአዋቂ ሰው መጠኑ በሰዓት 20፣ በቀን ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የመነጨው ያህል ወደ ደም ይመለሳልና። መመለሻው ሲታወክ ሃይድሮሴፋለስ የተባለው ሕመም ይከሰታል።

የአዋቂ ራስ ቅል ስለማይለጠጥ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ደምን ወደ አንጎል የሚገፋው የደም ግፊትና የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ ልዩነቱ ሲጠብ አንጎል ደም ያጥረዋል። የሕፃን ራስ ቅል አጥንቶች ግን ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ ከመጠን በላይ ያድጋል፤ አንጎሉም እየተጨፈለቀ ይጎዳል። ሕክምናው ትርፉን ፈሳሽ ቫልቭ ባለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ዕቃ ማፍሰስ፣ ወይም በኢንዶስኮፕ አዲስ መተላለፊያ መክፈት ነው። የዘገየ ቀዶ ሕክምና ግፊቱን ቢያቀልም የጠፋውን የአንጎል ክፍል አይመልስም።

የወረፋው ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል በሳምንት 10 ሕፃናት መጥተው 9ኙ ብቻ ታከሙ እንበል። የሳምንቱ ጉድለት አንድ ሕፃን ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን 52 ሕፃናት ይጠብቃሉ። አቅሙ ወደ 10 ቢያድግ እንኳ ወረፋው ባለበት ይቆማል እንጂ አያጥርም። ወደ 11 ቢያድግ ደግሞ ወረፋው የሚያልቀው ከሌላ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ መፍትሔው ሁለት ነው፤ የሚታከሙትን ማብዛት፣ የሚታመሙትን መቀነስ።

በመጀመሪያው ረገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ቤርገን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ቀድሞ በጣት የሚቆጠሩት ሐኪሞች ከዚያ ወዲህ በርክተዋል። ይሁን እንጂ ማደንዘዣ ሰጪ፣ የሲቲ ስካን መሣሪያና አልጋ ካልተሟሉ ሐኪሙ ብቻውን ወረፋውን ሊያሳጥር አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ከሆስፒታሉ ደጅ ውጭ ይጀምራል። ሃይድሮሴፋለስ ብዙ ጊዜ ስፓይና ቢፊዳ ከተባለው የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ጋር አብሮ ይመጣል። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። በመሆኑም ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ፣ ወይም ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት ዱቄት መመገብ ከእነዚህ ጉድለቶች ብዙውን ይከላከላል።

ውድ አንባብያን፣ ቀዶ ሐኪም ለማፍራት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ስለ ፎሊክ አሲድ ለእኅትና ለጎረቤት መንገር ግን ዛሬውኑ የሚቻል ነው። ከሳምንቱ 10 ሕፃናት የአንዱን ሕመም ብቻ መከላከል፣ ከላይ ያየነውን ወረፋ እንዳይረዝም ያደርገዋል።